ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን፤ የአርባ ልጆች መምህር

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይወጣ የነበረው አሮጌው የምድር ባቡር ወደ ኢትዮጵያ ካስገባቸው ነገሮች አብዛኞቹ በሚዛን ተመዝነው፣ በጉምሩክ መዝገብ ተጽፈው ያለፉ ናቸው። የጨርቁም፣ የብረቱም፣ የወረቀቱም ክብደትና ዋጋ ይታወቅ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው መንገድ ሚዛን የማይደርስበትን ሀብት ይዘው የገቡ ሰዎችም ነበሩ፤ ሀብታቸውም ዕውቀት ነበረ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በሙዚቃ መምህርነታቸው ስማቸው የታወቀው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው።

ሙሴ ኬቮርክን ሕዝብ በይበልጥ የሚያስታውሳቸው የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ በመድረሳቸው ነው። መዝሙሩ ከ40 ዓመት በላይ የአገር ድምፅ ሆኖ ካገለገለ በኋላ ከመንግሥቱ ለውጥ ጋር ተለውጧል። ያስተማሩት ትምህርት ግን ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተላለፈ ኖሯል። ስለዚህ የሕይወታቸው ታሪክ ከሙዚቃ ሰዎች ይልቅ ለመምህራን የቀረበ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሙሴ ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1887 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በኦቶማን መንግሥት ግዛት ውስጥ በነበረችው በአይንታብ ከተማ ተወለዱ። ከተማይቱ ዛሬ ጋዚአንቴፕ ተብላ በቱርክ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች፤ ከሶርያዋ ከተማ ከሐለብም እጅግ አትርቅም። በአይንታብ ብዙ አርመኖች ይኖሩ ነበር። የራሳቸው አብያተ ክርስቲያናትና የራሳቸው ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው፤ የእጅ ሥራውና ንግዱም በአብዛኛው በእነርሱ ይካሄድ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአርመን ሕዝብ ከየመኖሪያው እየተነቀለ ወደ ሶርያ በረሃ ተነዳ። በመንገድ የሞተው፣ የተገደለውና በረኃብ ያለቀው ብዙ ነው። የተረፈውም በሶርያ፣ በሊባኖስ፣ በግብፅና በፍልስጥኤም ተበተነ። ሙሴ ኬቮርክም አገራቸውን አጥተው በስደት ከኖሩት የዚህ ትውልድ ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ከዚህ እልቂት የተረፉ ብዙ ሕፃናት አባትና እናት አልነበሯቸውም። በየከተማው የእጓለ ማውታ መኖሪያዎች ተከፈቱላቸው። በኢየሩሳሌም ደግሞ የአርመን መንበረ ፓትርያርክ የሚገኝበት የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ወላጅ ያጡትን ልጆች ተቀብሎ ያሳድግ ነበር። የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት አንድ ወገን ናቸው። መነኮሳቶቻቸውም በቅድስት ከተማ ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መስፍን ያንን ገዳም መሳለሙ እንግዲህ የሚያስደንቅ አልነበረም።

በሚያዝያ ወር 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያም በመርከብ ተሳፍረው፣ ኢየሩሳሌምንና የአውሮፓን ዋና ዋና ከተሞች ለመጎብኘት ጉዞ ጀመሩ። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በዓለም መንግሥታት ማኅበር አባልነት ተቀባይነት አግኝታ ነበር። እንግዲህ ከሌሎቹ መንግሥታት ጋር በአንድ ጉባኤ የምትቀመጥ አገር የራሷ ሰንደቅ ዓላማ ብቻ ሳይሆን፣ ሰንደቅ ዓላማው ሲወጣ የሚሰማ የታወቀ መዝሙርም ያስፈልጋት ነበር። መዝሙሩን የሚጫወት የሙዚቃ ጓድ ከሌለ ደግሞ መዝሙር በወረቀት ላይ የቀረ ጽሑፍ ነው። ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም የአርመንን ገዳም በጎበኙ ጊዜ እነዚያን ልጆች አይተው እጅግ ተደሰቱባቸው። ከአርመኑ ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀውም አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣትና ሙዚቃ ተምረው በቤተ መንግሥት እንዲያገለግሉ ለማድረግ ተስማሙ።

ልጆቹ አባ ሆቫነስ ሲሞኒያን ከሚባሉ ካህን ጋር ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ለዘመን መለወጫ የቀሩት አምስት ቀኖች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ የጅቡቲ ባቡር ነበረ። ባቡሩም በሌሊት ስለማይሄድ በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። ወላጅ አልባዎቹ ልጆች ከአንዱ የስደት አገር ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ ዘመድም ወደሌላቸው ምድር ነበር የመጡት። የአዲስ አበባ ሕዝብ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ጠራቸው። አርባ ልጆች የሚለው ስም በዚህ ምክንያት የወጣላቸው ሲሆን፣ እስከ ዛሬም የሚታወቁት በዚሁ ነው።

መምህራቸው ሆነው የተመደቡት ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 37 ዓመት ነበር። መምህሩና ተማሪዎቹ አንድ ቋንቋና አንድ ሐዘን ነበራቸው። ከዚህ በቀር ግን የተሰጣቸው ሥራ ቀላል አልነበረም። ከልጆች አንድ የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ማውጣት፣ ያም ጓድ በውጭ አገር አምባሳደሮች ፊት ሳያፍር እንዲቆም ማድረግ ነበረባቸው።

የነፋስ መሣሪያ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም። ከጥንት ጀምሮ በነገሥታትና በመሳፍንት ፊት ነጋሪት ይጎሰም፣ መለከትና እምቢልታ ይነፋ ነበር። እምቢልታን የተመለከተ ሰው በውስጡ ትልቅ የማስተማሪያ ጥበብ ያገኝበታል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ እምቢልታ ብቻውን ዜማ ሊያወጣ አይችልም። ቁመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎች በሦስት ሰዎች እጅ ሆነው፣ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ጠብቆ፣ ተራው ሲደርስ ብቻ ሲነፋ ዜማው ይገጣጠማል። ከራሱ ተራ አስቀድሞ የነፋ ወይም የዘገየ ሰው ዜማውን በሙሉ ያፈርሰዋል። ስለዚህ በኅብረት መጫወትን ኢትዮጵያ ከአውሮፓ አልተማረችም ማለት ይቻላል።

የአውሮፓ የናስ መሣሪያዎችም ቢሆኑ ከአርባ ልጆች በፊት ወደ አገር ገብተዋል። ከዓድዋ ድል በኋላ የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በስጦታ ልከው፣ በቤተ መንግሥቱ ጥቂት ሙዚቀኞች መሠልጠን ጀምረው ነበር። ይሁን እንጂ በኖታ የሚመራ፣ የተሟላና በይፋ የመንግሥት ኦርኬስትራ የተባለ የመጀመሪያው ጓድ የአርባ ልጆች ጓድ ነው።

የሙዚቃ ጓድ ያስተማረ ሰው ሁሉ የሥራውን ድካም ያውቀዋል። የናስ መሣሪያ የሚነፋው በጉንጭ ብርታት ሳይሆን በከንፈር አያያዝና በትንፋሽ አጠባበቅ ነው። ተማሪው መጀመሪያ አንድን ድምፅ ሳያወላውል ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየትን ይማራል። ከዚያ በኋላ ኖታ ማንበብ፣ ከዚያም ዓይኑን በወረቀቱ፣ ጆሮውን በጓደኛው ላይ አድርጎ መጫወት ይመጣል። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚጫወተው ክፍል የተለየ ስለሆነ፣ ለመላው ጓድ አንድ ዜማ ማስተማር ማለት ለመለከቱም፣ ለክላሪኔቱም፣ ለትልቁ ባስም፣ ለከበሮውም ለየብቻ መጻፍ፣ ለየብቻ ማስጠናት፣ በመጨረሻም ማዋሐድ ማለት ነው። በቀላሉ የሚማረው ልጅ እንዳይሰለች፣ የሚዘገየው እንዳይሸማቀቅ የሚያደርግ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ዳኝነቱ ደግሞ ለሁሉም ግልጥ ነው፤ የሒሳብ ስሕተት በደብተር ውስጥ ሊደበቅ ይችል ይሆናል፤ በአደባባይ የተነፋ የተሳሳተ ድምፅ ግን የሚደበቅበት የለውም።

ሙሴ ኬቮርክ ይህን ሁሉ እያስተማሩ ሳለ፣ አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ዓመት ያህል ቢሆን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ የተባለውን መዝሙር ዜማ ደረሱ። መዝሙሩ የተፈሪ ማርሽ በሚል ስምም ይታወቅ ነበር። አገር አልባ የሆነ ሰው ለሌላ ሕዝብ የአገር ደስታን የሚገልጽ ዜማ መድረሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ከአይንታብ የተነቀሉት መምህር የራሳቸው ሕዝብ መንግሥት ባላገኘበት ዘመን፣ ከቅኝ ገዥዎች ነጻ ሆና ለኖረች አገር ድምፅ አበጁላት።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ መዝሙሩ በይፋ ተሰማ። በዚያ በዓል ላይ ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከኢጣሊያ የኡዲኔ ልዑል፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከሌሎችም አገሮች ብዙ መልእክተኞች ተገኝተው ነበር። የማርሽ ሙዚቃን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ያደጉት እነዚያ እንግዶች የኢትዮጵያን ክብር በሚያውቁት የሙዚቃ ቋንቋ ሰሙ። መምህሩ ከስድስት ዓመት በፊት የተሰጣቸውን ሥራ በፈተናው ቀን አሳልፈውታል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአንድን ትልቅ ሰው ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ሥራው ያስነሣውን ጥያቄ መሸሽ አይገባውም። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሲቋቋም ስለ ምን አርባ የኢትዮጵያ ልጆች አልተመረጡም የሚል ነው። ፈጥኖ የሚያገለግል ጓድ ለሚሻ መንግሥት የአርመን ልጆችን ማምጣቱ አቋራጭ መንገድ ነበር። አቋራጭ መንገድ ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ ዕውቀቱ በባዕዳን እጅ ብቻ ከቀረ ባለዕውቀቶቹ ሲሄዱ አብሮ ይሄዳልና። እንደ እውነቱም ከአርባዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ ወደ ሌላ አገር ሄደዋል፤ ሌሎቹ ግን በኢትዮጵያ ቀርተው ለአገሩ ልጆች ሙዚቃ አስተምረዋል። ነገሩን ከአቋራጭነት ያወጣው ይህ የማስተማር ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በዜማው ጠባይ ላይ የሚነሣ ነው። በመካከለኛውና በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል የሚዘፈነው ዘፈን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች የሚሄድ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅኝት የሚጠቀመው አምስት ድምፆችን ነው። በቤተ ክርስቲያንም የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተለይቶ፣ በራሱ ምልክት ተጽፎ ከመሪጌታ ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖሯል። የአውሮፓ መሣሪያ ግን አሥራ ሁለት ድምፆችን በእኩል ርቀት አሰልፎ የያዘ ነው። አንድ መምህር የትዝታን ዜማ ወስዶ በአውሮፓ ሥርዓት ድምፅ በድምፅ ላይ ቢደርብበት፣ ቅኝቱ የማያውቃቸው ድምፆች ይገቡና የሰሚው ጆሮ ይከፋዋል። ዜማውን ለጓድ የማይመች ነው ብሎ ቢተወው ደግሞ ተማሪው የአባቱን ሙዚቃ ከትምህርት ቤት ውጭ የቀረ ነገር አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። ሙሴ ኬቮርክ ከማርሽ ሙዚቃ አልፈው ለአማርኛ ቴአትሮች ሙዚቃ በማዘጋጀት የሁለቱን ዓለም ድንበር ተሻግረዋል። ነገር ግን ጥያቄው በአንድ ሰው ዕድሜ የሚያልቅ ስላልነበረ ለተከታዮቻቸው ተላለፈ።

ይህ ሁሉ በመልካም ሁኔታ ሲካሄድ ሳለ የጦርነት ዘመን ደረሰ። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢጣሊያ ፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከጅቡቲም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም አመሩ። ከ12 ዓመት በፊት ወላጅ አልባዎቹ ልጆች ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ስደትን ወደ ኋላ ትተው ነበር፤ አሁን ደግሞ የተቀበሏቸው ንጉሥ ወደዚያችው ከተማ ተሰደዱ። የኢትዮጵያ መዝሙርም በገዛ አገሩ አደባባይ ላይ ዝም አለ።

በአገሩ ዝም ያለው ድምፅ ግን በሩቅ ባሕር ማዶ ያልታሰበ ምላሽ አገኘ። ትሪኒዳድ በምትባለው የካሪብያን ደሴት ካሊፕሶ የሚባል ዘፈን አለ። የካሊፕሶ ዘፋኝ እንደ አዝማሪ የሰሞኑን ወሬ በግጥም አዋዝቶ፣ ሹሙንም ሕዝቡንም እየነካካ የሚያሰማ ነው። ከአፍሪካ በባርነት ተወስደው የመጡ ሰዎች ልጆች የሚበዙበት የዚያች ደሴት ሕዝብ የኢትዮጵያን መወረር በሰማ ጊዜ እንደ ራሱ ጉዳይ ስለቆጠረው፣ የካሊፕሶ ዘፋኞች በወረራው ላይ ግጥም ገጠሙ። ከእነርሱም አንዱ፣ ታይገር በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው፣ ወረራውን የሚነቅፍ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. በሸክላ አስቀርጿል።

የዚያች ደሴት የወጣቶች ሙዚቃ ከአርባ ልጆች ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ሊታይ የሚገባው ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን በትሪኒዳድ የአፍሪካ ከበሮ መምታት በሕግ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ድኾቹ ወጣቶች በመጀመሪያ የቀርከሃ ግንድ እየመቱ፣ በኋላም የቆርቆሮ ዕቃ እየደበደቡ ምትን ጠበቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባዶ የነዳጅ በርሜሎችን መጠቀም ያዙ። የበርሜሉ ፊት በመዶሻ ወደ ውስጥ እየተቀጠቀጠ ይጎደጉዳል፤ በጎድጓዳው ላይ ለየድምፁ የተለየ ቦታ ይከፈልበታል፤ ተጫዋቹም ጫፉ በጎማ በተሸፈነ አጭር ዱላ ይመታዋል። ጎኑ አጥሮ የተቆረጠው በርሜል ቀጭኑን ድምፅ፣ ቁመቱ ሳይቆረጥ የቀረው ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል። ይህ መሣሪያ ስቲል ፓን ተባለ። መሣሪያውን የፈጠሩት ወጣቶች በከተማው ሹማምንትና በከበርቴዎች ዘንድ እንደ ዱርዬ ይቈጠሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ከየሰፈሩ ጓድ የተመረጡ ወጣቶች ተሰባስበው በለንደን በተደረገው የብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ እንዲጫወቱ ተላኩ። ያስተማራቸውና የመራቸው የመቶ አለቃ ጆሴፍ ግሪፊዝ የሚባል የፖሊስ ባንድ ሰው ነበር። ግሪፊዝ የወጣቶቹን በርሜል ንቆ የናስ መለከት አልሰጣቸውም። በርሜሉ ሙሉውን የድምፅ ተራ እንዲይዝ አድርገው እንዲሠሩት ጠየቃቸው፤ ከካሊፕሶው ጋር ሌላውን የዓለም ሙዚቃም እንዲጫወቱ አሠለጠናቸው። ዱርዬ ይባሉ የነበሩት ልጆችም የአገራቸው መልእክተኞች ሆኑ።

ሙሴ ኬቮርክና የመቶ አለቃ ግሪፊዝ የተለያየ ሥራ ሠርተዋል። የመጀመሪያው የውጭ አገር መሣሪያ ይዘው ለአዲስ አገር ድምፅ አወጡ፤ ሁለተኛው አገሩ የወለደውን መሣሪያ አንሥቶ ለዓለም ጆሮ አበቃ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን ሰው ሁሉ እንደ ሸክም በሚያያቸው ልጆች ላይ መታመናቸው ነው። ወላጅ አልባውም ሆነ የሰፈር ዱርዬ የተባለው ልጅ ተራውን ጠብቆ በአንድ ጓድ ውስጥ እንዲቆም ከተማረ፣ መንግሥትን የሚወክል ሰው ይወጣዋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የሙሴ ኬቮርክ መዝሙርም ወደ አደባባይ ተመለሰ። ከነጻነት በኋላ ባሉት ዓመታት የሙዚቃ ትምህርት ከቀድሞው ይበልጥ ሰፋ። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓዶች ተቋቋሙ። ፖላንዳዊውን አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችን የመሰሉ ሌሎች የውጭ አገር መምህራንም መጥተው አስተማሩ። በዚህ ጊዜ የመሣሪያው ባለቤቶች የአገሩ ወጣቶች ነበሩ። በኋላ በስቃሽነትም በዘፋኝነትም የታወቁ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ጓዶች ወጥተዋል።

በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሙሴ ኬቮርክን ፈለግ የተከተሉት የወንድማቸው ልጅ ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። ሙሴ ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1915 ዓ.ም. ተወልደው በሐለብ ያደጉ ሲሆን፣ በአጎታቸው መንገድ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ መሩ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈትም የቴአትሩን ኦርኬስትራ አሠልጥነዋል፤ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። አጎታቸው ትተውት የሄዱትን ጥያቄ አንሥተው፣ አምስት ድምፅ ያለው የኢትዮጵያ ዜማ ጠባዩን ሳይለቅ በትልቅ ኦርኬስትራ እንዲሰማ ለማድረግ ደክመዋል። የኢትዮጵያን ዘፈኖች ለነፋስ መሣሪያዎች እየከፋፈሉ ጽፈዋል፤ የአገሩ ልጆችም ይህንኑ ተምረው የራሳቸውን መንገድ አወጡ። ሙሴ ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. አረፉ።

ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ነው። አርባ ልጆች አዲስ አበባ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። በዚያው ዓመት የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ የአስተናጋጂቱ አገር ብሔራዊ መዝሙር የእርሳቸው ድርሰት ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ትሪኒዳድን ሲጎበኙም፣ ስለ ኢትዮጵያ ካሊፕሶ በተዘፈነባት በዚያች ደሴት፣ የኢትዮጵያ መዝሙር ያው የሙሴ ኬቮርክ መዝሙር ነበር።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲመጣ ዘውዱ ወረደ፤ ዘውዱን የሚያወድሰው መዝሙርም አብሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በምትኩ የታወጀውን መዝሙር ዜማ የደረሱት አቶ ዳንኤል ዮሐንስ ናቸው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የመጣውንና ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሚዘመረውን ዜማ የደረሱት ደግሞ አቶ ሰሎሞን ሉሉ ናቸው። አንድ ሰው ይህን አይቶ የሙሴ ኬቮርክ ሥራ ተሻረ ይል ይሆናል። ለመምህር ዓይን ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። በ1916 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የመዝሙሩን ዜማ ደራሲም ሆነ ተጫዋቾቹን ከባሕር ማዶ ማስመጣት ነበረበት። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ግን አገሪቱ መዝሙር ለመለወጥ በፈለገች ጊዜ ደራሲውንም፣ ኖታ ጸሐፊውንም፣ ነፊውንም ከራሷ ልጆች መካከል አገኘች። ተማሪው ያለ መምህሩ መሥራት ሲችል ያን ጊዜ ትምህርቱ ተፈጸመ ይባላል፤ መምህሩ የደረሰው ዜማ ቢተውም ድካሙ ከንቱ አልሆነም።

ዛሬ በጅቡቲ ከተማ እንደ ካርቲየ 4 ባለ ሕዝብ በበዛበት ሰፈር፣ ወይም በድሬዳዋ፣ ወይም በጎንደር የሚያስተምር መምህር ብዙ ልጆች፣ ጥቂት መሣሪያ ወይም ከነጭራሹ ምንም መሣሪያ የሌለው ክፍል ይገጥመው ይሆናል። ከልጆቹም መካከል እንደ አርባዎቹ ከአገሩ ተሰድዶ፣ ከወላጁ ተለይቶ የመጣ አይጠፋም። የሙሴ ኬቮርክ ሕይወት ለእንዲህ ያለው መምህር የሚያስተምረው፣ የመሣሪያው ማነስ ሥራውን ለመጀመር እንቅፋት ሊሆን እንደማይገባው ነው። ሦስት እምቢልታ ካለ በእምቢልታ፣ ከበሮ ካለ በከበሮ፣ እርሱም ከሌለ በጭብጨባና በባዶ ቆርቆሮ ሊጀመር ይችላል። የትሪኒዳድ ልጆች የጀመሩት በዚህ ነው። ሊቀር የማይገባው ነገር ግን ልጁ የራሱን ድምፅ አጥርቶ እንዲያውቅ፣ የጓደኛውን ድምፅ እንዲሰማ፣ ተራውንም እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

የትምህርት ቤት ሹማምንትም ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። የሙዚቃ ትምህርት ለበዓል ቀን ብቻ የሚፈለግ ጌጥ ተደርጎ ሲታይ ከበዓሉ ማግሥት ይረሳል፤ መሣሪያውም በዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ይለብሳል። ራስ ተፈሪ አርባውን ልጆች ሲያስመጡ መሣሪያ ብቻ ገዝተው ቢሆን ኖሮ፣ የተገዛው መለከት ከጥቂት ዓመት በኋላ ዝጎ በቀረ ነበር። መምህር በመቀጠራቸውና ለመምህሩ የዓመታት ጊዜ በመስጠታቸው ግን፣ በ1916 ዓ.ም. የተጀመረው ትምህርት ዛሬም በየሙዚቃ ትምህርት ቤቱና በየማርሽ ባንዱ ይቀጥላል። ከአይንታብ ተሰደው የመጡት መምህር ስም ከመዝሙራቸው ጋር ከሕዝብ አፍ ቢርቅም፣ በኢትዮጵያ አንድ ልጅ መለከት አንሥቶ የመጀመሪያውን ድምፅ ሳያወላውል ይዞ በቆየ ቁጥር የእርሳቸው ክፍል ገና አልተዘጋም።